ታሪኩን ለደራሲው ትተን ዓለሙን እንውሰድ፦ ከልቦለድ ስለሚቀዱ የጋራ የሚና ጨዋታዎች

(በአንድ የንባብ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት የቋንቋ እርማት በስተቀር እንደተነገረ የቀረበ።)

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንዲሁም በስልካችሁ ከሪያድ፣ ከዱባይና ከዋሽንግተን የምትከታተሉን እኅቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ። በቅዳሜ ምሽት ይህን ያህል ሰው ስለ ልቦለድ ለመነጋገር መሰብሰቡ ትልቅ ደስታ ይሰጠኛል፤ አዘጋጆቹንም ከልብ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ፣ ከምንወዳቸው ልቦለዶች ተነሥተን በኢንተርኔት በቡድን ለምንጫወታቸው የሚና ጨዋታዎች እንዴት ሐሳብ እናመንጭ የሚል ነው። ነገሩን በተግባር የምታውቁት ብዙዎች እንደሆናችሁ አያለሁ፤ ለማያውቁት ግን በአጭሩ ልናገር። በሚና ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዝና የዚያን ሰው ንግግርና ድርጊት በተራው ይጽፋል፤ የጨዋታው መሪ ደግሞ አካባቢውን ይስላል፣ ተጫዋች ያልያዛቸውን ሰዎች ያናግራል፣ የእያንዳንዱ ድርጊት ውጤት ምን እንደሆነ ይነግራል። መጨረሻውን ማንም አስቀድሞ አያውቀውም፤ መሪውም ቢሆን አያውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደውን የመጀመሪያውን የንግድ የሚና ጨዋታ ሲያወጡ ያሳተሙት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። በ1978 ደግሞ በእንግሊዝ የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮይ ትሩብሾ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በኮምፒውተር ገብተው በጽሑፍ ብቻ የሚገናኙበትን ዓለም መሥራት ጀመረ፤ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትልም ተረክቦ አሳደገው። ይህን የማነሣው፣ ዛሬ በቴሌግራምና በዲስኮርድ የምናደርገው ነገር ሲጀመር ሥዕልም ድምፅም እንዳልነበረው እንድታስታውሱ ነው። ውድ ኮምፒውተር አያስፈልገንም፤ ስልክ፣ ጥቂት ጓደኞችና ጥሩ ሐሳብ ይበቃሉ። ከሦስቱ የሚያስቸግረው ግን ሦስተኛው ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እሱ ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያው ነጥቤ ይህ ነው፦ ከልቦለድ ስንቀዳ ታሪኩን ሳይሆን ዓለሙን እንውሰድ። እደግመዋለሁ፤ ታሪኩን ለደራሲው እንተውለትና ዓለሙን እንውሰድ። ለምን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ሲጀመር ለመመልከት ተጋብዤ ነበር። አባላቱ መጽሐፉን አጥብቀው የሚወዱ ወጣቶች ነበሩ፤ ሴቶቹ ሁሉ ሰብለ ወንጌልን፣ ወንዶቹ ሁሉ በዛብህን ወይም ጉዱ ካሳን መሆን ፈለጉ፤ ስለዚህ ዕጣ ወጣ። ጨዋታው ሲጀመር ሰብለን የያዘችው ተጫዋች አንድ ነገር በጻፈች ቁጥር ከግሩፑ አንዱ «በመጽሐፉ እንዲህ አላደረገችም» ይላታል። እንደ መጽሐፉ ስትጽፍ ደግሞ ሌላው «ይህንንማ አንብበነዋል» ይላል። መጽሐፉ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ያለ፣ ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ቤተሰብ በአንድነት ተቀምጦ ያዳመጠው ነው። መጨረሻው በዚህ መጠን በሚታወቅ ታሪክ ውስጥ ተጫዋቹ ምን ይምረጥ? የሚመርጠው ነገር ከሌለውስ ከአንባቢ በምን ይለያል?

በዚያ ግሩፕ ውስጥ በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት ነበረች። የምትጽፈው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ፣ በሌሊት ነው። በዕጣው ምንም አልደረሳትም፤ እሷም ቅር ሳይላት «እንግዲያው እኔ ከፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮች አንዷ እሆናለሁ፤ ባሌ ሞቷል፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ግብሩን ክፈይ ተብያለሁ» ብላ ጻፈች። በማግስቱ አንድ ሌላ ተጫዋች የጎረቤቷን ሚና ፈጥሮ መጣ። ከዚያ የሰፈሩ ቄስ መጣ፣ ከዚያ ጭቃ ሹሙ፣ ከዚያ ከፊታውራሪው ቤት ወሬ የምታወጣ ገረድ መጣች። ወዲያው ግሩፑ በሙሉ የሚከራከረው ስለ አንድ ነገር ሆነ፦ እንክፈል ወይስ እንቢ እንበል? ይህን ጥያቄ ማንም በመጽሐፉ መልስ ሊዘጋው አልቻለም፤ ምክንያቱም ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት እንደተነሣ ሁላችንም ብናውቅም፣ ያቺ ባልቴት በዚያች ሌሊት ምን ብላ እንደወሰነች የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ በዚያ ግሩፕ ካየሁት የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም፤ ለዚህም ያችን እኅት ዛሬም አመሰግናታለሁ።

ይህ በእኛ ዘንድ ብቻ የታየ አይደለም። ዌስት ኤንድ ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 በ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ላይ የተመሠረተ የሚና ጨዋታ ሲያወጣ፣ ተጫዋቾች የፊልሙን ጀግኖች ሕይወት እንዲደግሙ ከማድረግ ይልቅ በዚያው ዓለም የራሳቸውን ሰው ፈጥረው እንዲኖሩ ነበር ያዘጋጀው። ለዚህም ሲባል ፊልሞቹ በዝምታ ያለፏቸውን ፍጥረታት፣ መርከቦችና ቦታዎች ስምና ጠባይ እየሰጠ ብዙ መጻሕፍት አሳተመ። በኋላ ደራሲው ቲሞቲ ዛን በ1991 የወጣውን የስታር ዋርስ ልቦለዱን ሲጽፍ፣ የፊልሙ ባለቤቶች ማጣቀሻ ይሆኑት ዘንድ የላኩለት እነዚህኑ የጨዋታ መጻሕፍት ነው። ልብ በሉ፤ ዓለሙን የወሰደ ጨዋታ ዓለሙን አሰፋው፣ የሰፋው ዓለም ደግሞ ለሚቀጥለው ልቦለድ ስንቅ ሆነ። ከመካከላችሁ ደራሲ ለመሆን የምትመኙ ይህን አትርሱ።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ፤ ረዘም ያለ ጊዜ የምወስደውም በዚህ ላይ ነው። ዓለሙን እንውሰድ ስንል ከዓለሙ ውስጥ የትኛውን ክፍል ነው የምንወስደው? መልሴ፣ ሰዎች ወደዱም ጠሉም አብረው የሚውሉበትን ቦታ ነው። በኢንተርኔት የሚጫወቱ ሰዎች ተራርቀው የሚኖሩ፣ የሚጽፉበትም ሰዓት የተለያየ ስለሆነ፣ ገጸ ባሕርያቱን የሚያገናኝ ጽኑ ምክንያት ከሌለ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይሄድና ጨዋታው ይበተናል።

«ሃሪ ፖተር» በመላው ዓለም ለጽሑፍ ጨዋታ ይህን ያህል የተመቸው ለምን ይመስላችኋል? ብዙ ሰው አስማቱ ነው ይላል። እኔ ግን ትምህርት ቤቱ ነው እላለሁ። በሆግዋርትስ አራት ቤቶች አሉ፣ ትምህርቱ ሰባት ዓመት ይፈጃል፣ የጋራ ማደሪያና የጋራ የምግብ አዳራሽ አለ። አዲስ ተጫዋች ሲመጣ ከአንድ ቤት ይመደባል፣ የክፍል ጓደኛ ያገኛል፣ መምህር ይኖረዋል፣ የሚፎካከረው ሌላ ቤትም አለ። ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ ከደርዘን ሰዎች ጋር ዝምድና አለው ማለት ነው።

እስቲ እኛ ይህን የመሰለ ቦታ የለንም? አለን እንጂ! የበዛብህን የልጅነት ዓለም አስቡ፤ እሱ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። የቅኔ ቤትን አስቡ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከሩቅ አገር ይመጣል፣ በየቤቱ ደጃፍ ቁራሽ እየለመነ ይማራል፣ በየኔታ ፊት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ይወዳደራል። ትምህርቱ ራሱ ደረጃ አለው፤ በሁለት ቤት፣ ማለትም በሁለት መስመር፣ ከሚፈጸመው ከጉባኤ ቃና ይጀመርና ወደ ረጅሙ ወደ መወድስ ይደረሳል። የውጭ አገር ጨዋታ ሠሪዎች ለተጫዋች የሚሰጡትን «ደረጃ» በብዙ ድካም ይፈጥሩታል፤ እኛ ዘንድ ግን ከነስሙና ከነክብሩ ተዘጋጅቶ ቆይቷል። ስለ ዲማ፣ ስለ ዋሸራ የቅኔ ቤቶች የሰማችሁ ሰዎች በአንዱ ላይ ጨዋታ ብታቋቁሙ፣ የግእዝ ቅኔ ባትችሉ እንኳ ተጫዋቾቹ በአማርኛ ሁለት ሁለት መስመር እየገጠሙ እንዲወዳደሩ፣ ማን እንደበለጠም በቴሌግራም የድምፅ መስጫ እንዲወሰን ማድረግ ይቻላል። ይህ በሚቀጥሉት ወራት ከእናንተ መካከል አንዱ ሲሠራው ለማየት አጥብቄ የምመኘው ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። የወንጀል ልቦለድ ብዙ አንባቢ አለው፤ እኔም ከአንባቢዎቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን የወንጀል ልቦለድ እንዳለ ወደ ቡድን ጨዋታ ሲመጣ ይከብዳል፤ መርማሪው አንድ ነው፣ የሚያስበውም የሚጠይቀውም እሱ ነው፣ ሌላው ተጫዋች እስኪጠየቅ ተራ ይጠብቃል። ታዲያ መርማሪውን አውጥተን በቦታው አፈርሳታን ብናገባስ? አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፣ ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲናገር የሚገደድበት የአገራችን የቀድሞ ሥርዓት ነው። እርሻው ቢጠብቅ፣ ከብቱ ቢራብ፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ስብሰባው ቀጠሮ እየተሰጠው ይደጋገማል። ይህ ለጨዋታ ምን ያህል የተመቸ እንደሆነ ተመልከቱ! ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ አለ። ሁሉም ይናገራል። ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ይቸኩላል። አንዱ ያየውን ሊደብቅ ይፈልጋል፤ ሌላው ያላየውን ጎረቤቱ ላይ ሊያላክክ ይፈልጋል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ እውነቱን ሲፈልጉ ሰፈሩን ማፋረስ የለባቸውም። ተጫዋቹ ምስጢሩን ለመሪው በኢንቦክስ ይልካል፣ በሜዳው የሚናገረውን ግን በግሩፑ ይጽፋል። ከምትወዱት የወንጀል ልቦለድ ወንጀሉን ብቻ ወስዳችሁ በዚህ ሜዳ ላይ አስቀምጡት፤ በአንድ ሰው ብልሃት ይፈታ የነበረው ነገር የሃያ ሰው ጉዳይ ይሆናል።

ክርክር ሲነሣስ በምን እንወስን? ብዙ ጨዋታ በዳይስ ይወስናል፤ ቴሌግራምም የዳይስ ምልክቷን ስትልኩ ውጤቱን ራሱ በዕድል ስለሚያወጣ ችግር የለም። ነገር ግን በላ ልበልሃን የሚያህል የክርክር ጥበብ እያለን በዕድል ብቻ ለምን እንወስናለን? በበላ ልበልሃ ተከራካሪዎቹ በአደባባይ ቆመው በግጥምና በምሳሌ ይሟገቱ ነበር፤ በነገራቸው እርግጠኛ መሆናቸውን ለማሳየት ፈረስ ወይም ማር ይወራረዱ ነበር፤ መንገደኛውንም አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ይህን ወደ ጨዋታችን ስናመጣ ሁለቱ ተጫዋቾች የተወሰነ መልእክት ተፈቅዶላቸው ይሟገታሉ፣ ገጸ ባሕርያቸው ካለው ንብረት ላይ ይወራረዳሉ፣ በነገሩ ጥቅም የሌለው ሦስተኛ ተጫዋች መንገደኛ ሆኖ ይፈርዳል። የተረታው የተወራረደውን በእርግጥ ያጣል። ክርክሩን በቮይስ እንዲያደርጉት ብትፈቅዱ ደግሞ፣ ለመጻፍ የሚቸገሩ ነገር ግን አንደበተ ርቱዕ የሆኑ አባቶችና እናቶች ጭምር ሊጫወቱ ይችላሉ።

ሦስተኛው ነጥቤ ሐሳብ ስለማመንጨት አሠራር ነው። ሰዎች ተሰብስበው የመጣላቸውን ሁሉ ያለ ነቀፌታ እንዲናገሩ የሚያደርገውን ዘዴ በሰፊው ያስተዋወቀው አሌክስ ኦዝበርን የተባለ አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፉም ሕጎቹን ዘርዝሯል። ይሁን እንጂ በ1958 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘዴውን ሲፈትሹት፣ ለየብቻቸው ያሰቡ ሰዎች ሐሳባቸው ሲደመር አብረው ከተቀመጡት ቡድኖች ይልቅ ብዙ ሐሳብ አፍልቀው ተገኙ። ይህ በእኛ አገር ይበልጥ እውነት ይመስለኛል። በእኛ ስብሰባ ታላቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ታናሹ የተለየ ነገር ይዞ መነሣት ይከብደዋል፤ አክብሮቱ መልካም ነው፣ ሐሳቡ ግን ሳይወለድ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁሉም ለብቻው ይጻፍ። ግሩፓችሁ በቴሌግራም ከሆነ፣ እያንዳንዱ አባል ሐሳቡን አዘጋጅቶ በተመሳሳይ ደቂቃ፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ እንዲላክ ቀድሞ ይቅጠረው፤ አፕሊኬሽኑ ይህን ይፈቅዳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ማን ማንን እንደተከተለ አይታወቅም፤ አድሚኑ ያመጣው ሐሳብም ከትናንት ወዲያ የገባው ልጅ ካመጣው እኩል ይነበባል። ትችቱ፣ ማጣመሩና መምረጡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስትመርጡ ምን ትጠይቃላችሁ? እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ በዚህ ሐሳብ ውስጥ ከሁሉ ዝምተኛው ተጫዋች ነገ ጠዋት የሚያደርገው አስቸኳይ ነገር አለው? ንጉሡን የያዘው ሁልጊዜ ሥራ አለው። በር ጠባቂውስ? ለበር ጠባቂው የሚያስጨንቅ ምርጫ መስጠት የማይችል ሐሳብ፣ ምንም ቢያምር፣ በወር ውስጥ የሦስት ሰዎች ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ጥያቄ፣ አንድ ተጫዋች ሳይናገር ቢጠፋ ጨዋታው ይቆማል ወይ የሚለው ነው። ኔትወርክ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ በዐረብ አገር ያለችው እኅታችን አሠሪዎቿ ሲጓዙ ለሳምንት ስልክ ላትነካ ትችላለች። ስለዚህ ታሪኩ በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል አድርጉ፤ ለምሳሌ በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ ያልሰጠ ገጸ ባሕርይ መንገድ ሄዷል ወይም ታሟል ይባል፤ ሲመለስም በክብር ይቀበሉት። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ባርትልም እ.ኤ.አ. በ1996 በጻፈው ጥናት ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፦ ግብ ለመምታት የሚጥሩ፣ ዓለሙን ለመመርመር የሚሹ፣ ከሰው ጋር ለመጨዋወት የሚመጡ፣ ሌላውን ለማሸነፍ የሚፈልጉ። ሐሳባችሁ ከአራቱ ለአንዱ ብቻ የሚሆን ከሆነ ሌሎቹን ምን እንደምታደርጓቸው ከወዲሁ አስቡ።

ሳልጠቅሳቸው የማላልፋቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የደራሲው መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድርሰት መብት ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመን ሁሉና ከዕረፍቱም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ያለው መብት ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ጨዋታችሁን ለመሸጥ፣ ለማሳተም ወይም በዩቲዩብ ገንዘብ ለማግኘት ስታስቡ ከመብቱ ባለቤቶች ፈቃድ ጠይቁ፤ ደራሲዎቻችንን ማክበር ከዚህ ይጀምራል።

ሁለተኛው የተጫዋቾቻችሁ ልብ ነው። ልቦለዶቻችን ጠለፋ፣ ጦርነት፣ ረኃብ፣ ስደት አለባቸው፤ በግሩፓችሁ ውስጥ ደግሞ እነዚህን በሕይወቱ ያየ ሰው ይኖራል። ጆን ስታቭሮፑሎስ የተባለ የጨዋታ አዘጋጅ ያስፋፋው አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ በጠረጴዛው መካከል የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ ይቀመጣል፣ ማንም ተጫዋች ያንን ሲነካ የተጀመረው ትዕይንት ይታለፋል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። እኛ በግሩፓችን ያንኑ ምልክት በመላክ እንጠቀምበታለን። አንድ ጊዜ የጦር ሜዳ ትዕይንት በጦፈበት ሰዓት አንድ ወንድም ምልክቱን ላከ። መሪዋ በአንድ መስመር «ሌሊቱ አለፈ፤ ጠዋት ሆነ፤ ሴቶቹ ውኃ ለመቅዳት ወረዱ» ብላ ጻፈች፤ ሁሉም ያለ ጥያቄ ተከተላት። ያ ወንድም እስካሁን ከእኛ ጋር ይጫወታል። ሐሳብ ስትመርጡ የትኛው ነገር በጨዋታችሁ ፈጽሞ እንደማይገባ በዚያው ቀን ተነጋግራችሁ ወስኑ።

አሁን የእኔ ንግግር አብቅቶ የእናንተ ሥራ ይጀምራል። አስተናጋጆቻችን ወረቀትና እስክሪብቶ እያደሉ ነው፤ በስልክ ያላችሁትም ማስታወሻችሁን ክፈቱ። የምትወዱትን አንድ ልቦለድ ስም ከላይ ጻፉ። ከሥሩ በልቦለዱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበትን አንድ ቦታ ጻፉ፤ ገበያ ይሁን፣ ችሎት ይሁን፣ ጠላ ቤት ይሁን፣ ሰፈር ይሁን። ቀጥላችሁ በዚያ ቦታ ሊኖር የሚችል፣ ደራሲው ግን ስም ያልሰጠው አንድ ሰው ፍጠሩና እስከ ነገ ጠዋት ምን ማግኘት እንዳለበት፣ እሱ ካገኘው ደግሞ ማን እንደሚጎዳ ጻፉ። ከጎናችሁ ያለውን አታማክሩ፣ የጻፋችሁትንም አትሰርዙ። አሥር ደቂቃ አላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ከታናሾቻችን ጀምረን እናነባለን።